ዶቃና ዛጎል የሚመሩት ጎዳና

ከአዲስ አበባው የለገሃር ጣቢያ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ይወርድ የነበረው የባቡር ሐዲድ የአገራችን የመጀመሪያው የምሥራቅ በር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሐዲዱ ከመነጠፉ ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ በዚያው አቅጣጫ የሲራራ ነጋዴ ይመላለስ እንደ ነበር፣ በድሬዳዋና በሐረር መካከል በምትገኘው በሐርላ የተቆፈረው ምድር ይመሰክራል።

ከዚያም አስቀድሞ በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አክሱም መንግሥት ወደብ ወደ አዱሊስ የመጣው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ነጋዴዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ወርቅ ወደሚወጣበት ወደ ሳሱ አገር እንደሚወርዱ፣ በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨዉንና ብረቱን በእሾህ አጥር ላይ ሲያኖሩም ያገሩ ሰዎች ወርቃቸውን በላዩ እያስቀመጡ ያለ ቃል እንደሚገበያዩ ጽፎልናል። ከእርሱ በኋላ ስለ መጣው ዘመን ግን እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ጊቦን ኢትዮጵያውያንን ሺህ ዓመት ያህል ዓለምን ረስተው እንደ ተኙ አድርጎ ቈጠራቸው። ፍርዱ ስሕተት ነው።

ነጋዴ ሁሉ እንደ ኮስማስ የሄደበትን ጎዳና አይጽፍም፤ ነገር ግን ዶቃው ይበጠሳል፣ ሸክላው ይሰበራል፣ ሳንቲሙ ይወድቃል፤ የአርኬዎሎጂ ሊቃውንትም የወደቀውን ከወደቀበት አፈር ጋራ አዛምደው ዘመኑንና የተሠራበትን አገር ይመረምራሉ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋራ በሐርላ ባደረጉት ቁፋሮ የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ፣ የማልዲቭ ደሴቶች ዛጎል፣ የቻይና ሸክላ፣ ከየመንና ከማዳጋስካር የመጡ ዕቃዎች ወጥተዋል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የጌጥ ሠሪዎች ሥራ ቤት ነው፤ በዚያ ብርና ነሐስ፣ የከበረ ድንጋይና የመስተዋት ዶቃ ይበጅ ነበርና፣ ጥበቡም ከሕንድ ጋራ ዝምድና ታይቶበታልና፣ የሐርላ ሰው የባዕድ ዕቃ ከመሸጥ አልፎ የእጁን ሥራ ወደ ገበያ ያወጣ ነበር።

ሰሜኑም ዝግ አልነበረም፤ በደብረ ዳሞ ገዳም የሕንድ ኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞችና የዐረብ ኸሊፋዎች ገንዘብ፣ በምሥራቅ ትግራይም በቢለት ዐረብኛ የተቀረጸባቸው የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል።

ሆኖም ከእነዚህ ግኝቶች የሚሣለው የንግድ ካርታ የገባውን እንጂ የወጣውን አጥርቶ አያሳይም። ጨው ይሟሟል፣ ወርቅ ይቀልጣል፣ የዝሆን ጥርስ በባዕድ አገር ተቀርጾ መልኩን ይለውጣል፤ ባሪያ ሆነው የተነዱት ሰዎችም ዶቃ እንኳ አልጣሉም። በሕፃንነት የተጠጣው ውሃ ጠባይ ግን በሰው ጥርስ ውስጥ ታትሞ ስለሚኖር፣ የእነዚያን ሰዎች መንገድ ለመፈለግ ከባሕር ማዶ ያሉትን መቃብሮች መመርመር ያስፈልጋል።