የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ፦ የፈተና ውጤት የማይናገረውን የሚመሰክር ወረቀት

በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመደበው በብሔራዊ ፈተና ውጤቱና በምርጫው መሠረት ነው። ስለ ተማሪው ምን ይላሉ ተብሎ መምህሩ አይጠየቅም። ጥቂት አመልካቾችን ብቻ በሚቀበሉ የአሜሪካ ኮሌጆች ግን አሠራሩ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ከውጤት ጋር የመምህራንን የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ።

ጉዳዩ ለአርሶ አደሩም ለከተማ ነዋሪውም ሩቅ አይደለም። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን እና ኤም አይ ቲ የውጭ ሀገር አመልካችን የሚመዝኑት የቤተሰቡን የመክፈል አቅም ሳያዩ ነው። የተቀበሉትን ተማሪ ወጪም በችግሩ ልክ ይሸፍናሉ። ስለዚህ የአርሶ አደር ልጅም ዕድሉን መሞከር ይችላል።

ደብዳቤው ለምን አስፈለገ?

ሃርቫርድ ከ100 አመልካቾች የሚቀበለው ከ5 ያነሱትን ነው። ከሚያመለክቱት ብዙዎቹ ከፍተኛ ውጤት ያላቸው በመኾናቸው ውጤት ብቻውን አይለያቸውም። አውድማ ላይ የተሰፈረ እህል ስንት ኩንታል እንደኾነ ይታወቃል፤ መሬቱ ጭንጫ ይኹን ለም፣ ዝናቡ በጊዜው ይምጣ ይዘግይ ግን ስፍሩ አይናገርም። ይህን የሚያውቀው ማሳውን ያየ ሰው ነው። መምህሩም የሚጠየቀው ይህንኑ ነው።

ኤም አይ ቲ ኹለት ደብዳቤዎችን ይፈልጋል፤ አንዱ ከሒሳብ ወይም ከሳይንስ መምህር፣ ሌላው ከቋንቋ ወይም ከማኅበራዊ ሳይንስ መምህር። ደብዳቤው በተማሪው እጅ አያልፍም። በማመልከቻው ድረ ገጽ በኩል መምህሩ በኢሜይል ጥያቄ ይደርሰዋል፤ ጽፎም በቀጥታ ይልካል። ከዚህ ጎን ለጎን ትምህርት ቤቱ ስለራሱ ይገልጻል። ቤተ ሙከራ እንደሌለው ወይም በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪዎች እንደሚማሩ ከተገለጸ ተማሪው የሚመዘነው በነበረው ዕድል ልክ ነው።

ምን ዓይነት ደብዳቤ ይጠቅማል?

“ጎበዝ፣ ጨዋና ታታሪ ነው” የሚል ደብዳቤ ማንንም ከማንም አይለይም። የሚጠቅመው መምህሩ በዓይኑ ያየው ነው። በክረምት ወንዝ ሞልቶባት የቀረች ተማሪ ያመለጣትን ትምህርት እንዴት እንዳካካሰች፣ ምን ጥያቄ እንደጠየቀች፣ ስትሳሳት እንዴት እንዳረመች የሚተርክ አንድ አንቀጽ ከአንድ ገጽ ሙገሳ ይበልጣል።

አሠራሩ ግን ከትችት አላመለጠም። በ1920ዎቹ እንደ ሃርቫርድ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለ“ጠባይ” ትልቅ ቦታ መስጠት የጀመሩት የአይሁድ ተማሪዎችን ቁጥር ለመቀነስ ጭምር ነበር። ዛሬም ጥቂት ተማሪዎችን የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት መምህርና በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ የሚያስተምር መምህር እኩል ዝርዝር ደብዳቤ ለመጻፍ ይቸገራሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ ማመልከቻው ደብዳቤ አይጠይቅም።

ተማሪውና ወላጁ ምን ያድርጉ?

የቅድሚያ ማመልከቻ በብዙዎቹ ኮሌጆች የሚያበቃው በኅዳር ወር መጀመሪያ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ ማለትም በእኛ ጥቅምት 22 አካባቢ ነው። መደበኛው ደግሞ በታኅሣሥ መጨረሻ ሳምንት አካባቢ ያበቃል። ስለዚህ በቅርብ የሚያውቃቸውን የ11ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል መምህር ቢያንስ ከአንድ ወር አስቀድሞ በአክብሮት መጠየቅ ይገባል። ከፍ ያለ ማዕረግ ያለው ነገር ግን ተማሪውን የማያውቅ ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ ብዙ አይረዳም።

ደብዳቤ በገንዘብ እናስጽፍላችኋለን ከሚሉ ደላሎችም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሐሰተኛ ደብዳቤ ከተደረሰበት የተሰጠ ቅበላ እንኳ ይሰረዛል። እውነተኛው ደብዳቤ ወላጅን የሚያስከፍለው ነገር የለም፤ የሚጠይቀው የመምህሩን ጊዜና ሐቀኛ ምስክርነት ነው።