«ኮምፒውተሩ ሞቷል» የተባለው ፒክአፕ

ከአዳማ ተነሥቶ በዴራና በኢቴያ በኩል ወደ አሰላ የተጓዘ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች፤ አሰላ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ዳገቱን ሲያያዙት ያረጁ የናፍጣ መኪኖች ጥቁር ጭስ ይተፋሉ። ተሳፋሪው «ሞተሩ ደክሟል» ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሳሳው አየሩ ነው። በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት አዳማ ላይ ወደ 83፣ አሰላ ላይ ደግሞ ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ተርቦ የሌለው ሞተር አሰላ ላይ የሚስበው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚስበው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው ማለት ነው። የከፍታ ማስተካከያ ያልተገጠመለት የድሮ ፖምፓ ይህን ስለማያውቅ ያንኑ ያህል ናፍጣ ይረጫል፤ አየር ያጣው ናፍጣም ጥላሸት ሆኖ ይወጣል።

የሞተር ኮምፒውተር የሚባለው ሳጥን ከሚያከናውናቸው ተግባራት አንዱ ይህንኑ ማስተካከል ነው። ቮልክስዋገን እ.ኤ.አ. በ1967 የቦሽን የኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ በቤንዚን መኪኖቹ ላይ ሲገጥም፣ የነዳጁ መጠን ይወሰን የነበረው በአየር ማስገቢያው ውስጥ ያለውን ግፊት በመለካት ነበር። በኋላ ተመሳሳይ ዘዴ ወደ ናፍጣ ሞተሮችም ተሸጋገረ። ዛሬ ግፊቱን የምትለካው አብዛኛውን ጊዜ ከጥፍር ያነሰች ስስ የሲሊከን ሽፋን ናት። በአንድ ወገኗ ባዶ ቦታ፣ በሌላው ወገኗ አየር አለ። ግፊቱ ሲለዋወጥ ትጎብጣለች፤ ስትጎብጥም የኤሌክትሪክ ተቃውሞዋ ይለወጣል። ይህን የሲሊከን ጠባይ ቻርልስ ስሚዝ የተባለው ፊዚሲስት እ.ኤ.አ. በ1954 አሳትሞታል። እንግዲህ ኮምፒውተር ያለው መኪና አሰላ መድረሱን «ያውቃል»፤ ናፍጣውንም በዚያው ልክ ይመጥናል።

ይህን ያህል ካልን ወደ ጉዳያችን እንግባ። ከአሰላ ወጣ ካለ የገጠር ቀበሌ ገብስና ድንች ወደ ገበያ የሚያመላልስ አንድ ፒክአፕ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ሲሆን፣ የናፍጣ ፖምፓው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው። ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ያለ ችግር ይነሣል። አንድ ጋራዥ «ኮምፒውተሩ ሞቷል» ሲል ፈረደ። ባለንብረቱ አዛውንት ጥንድ በሬ ሸጠው ከአዲስ አበባ ያገለገለ ኮምፒውተር አስመጡ። ተገጠመ። በማግሥቱ ማለዳ መኪናው እንደ ወትሮው አልነሣም! ቀጥሎ «ፖምፓውም መለወጥ አለበት» ሲባሉ ተማሪያችን የሆነው ልጃቸው ነገሩን ይዞልን መጣ። የመኸሩ ገብስ አውድማ ላይ ነበር።

ለእኛ ትልቁን ፍንጭ የሰጠን «ጠዋት እንጂ ቀትር አይደለም» የሚለው ቃል ነው። የሞተ ኮምፒውተር ሰዓት አይመርጥም። በአርሲ ደጋ ማለዳ ግን ብዙ ነገር ይለወጣል። ቅዝቃዜ በባትሪው ውስጥ ያለውን ኬሚካዊ ሂደት ያዘገየዋል፤ ዘይቱን ስለሚያወፍረውም ሞተሪኖው ተጨማሪ አምፔር ይስባል። በዚያ ላይ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ጥቂት በመሆኑ ሙቀቱን ለቀዝቃዛው ግድግዳ ቶሎ ያስረክባል፤ ስለዚህ ሞተሩ ረዘም ላለ ጊዜ መዞር ይኖርበታል።

ማልደን ደርሰን የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ጫፍ በኮምፒውተሩ የኔጌቲቭ ሽቦ ላይ አሳረፍንና ልጁ ቁልፉን እንዲያዞር ነገርነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ሊኖር የሚገባው ልዩነት ከ0.1 ቮልት እምብዛም የማይበልጥ ነው። መሣሪያው ያሳየን 2.4 ቮልት ነበር። በዚያ ሽቦ የሚያልፈው ኮረንት 8 አምፔር ያህል ነው ብንል በኦም ሕግ መሠረት ተቃውሞው 0.3 ኦም ይሆናል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪው ራሱ ወደ 9.5 ቮልት ወርዶ ነበር፤ ከዚያ ላይ 2.4 ሲቀነስ ለኮምፒውተሩ የሚደርሰው 7.1 ቮልት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ በዚህ ቮልቴጅ እየጠፋና እንደገና እየጀመረ ናፍጣ እንዲረጭ ሳያዝ ይቀራል።

ጋራዡ ይህን ሽቦ አልመረመረም ብለን ልንወቅስ አንችልም፤ በኦም መለኪያ ፈትሾት «ይጮኻል፣ ደኅና ነው» ብሎ ነበር። ስሕተቱ ከዘዴው ነው። ተራ የኦም መለኪያ የሚልከው እጅግ ጥቂት ኮረንት ነው፤ የራሱ ገመዶች ተቃውሞም ከ0.1 እስከ 0.2 ኦም ስለሚደርስ 0.3 ኦምን ከጤነኛ ሽቦ አይለይም። ሽቦውን መፈተን የሚገባው ሸክሙን እንደተሸከመ ነው።

ሽቦው በሞተሩ አካል ላይ የታሰረበትን ቡሎን ፈታን። ከሥሩ አረንጓዴና ቡናማ ዝገት ሞልቶበታል። በብርጭቆ ወረቀት ጠርገን መልሰን አጠበቅነው፤ ልዩነቱ ወደ 0.08 ቮልት ወረደ። መኪናውም በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ።

እርግጥ ሳጥኑ ራሱ የሚታመምበት ጊዜ አለ። በዚያ ዘመን በተሠሩ በርካታ ኮምፒውተሮች ውስጥ በፈሳሽ የተሞሉ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች በዕድሜ ብዛት ያፈስሳሉ፤ ፈሳሹም ሰሌዳው ላይ ያሉትን የመዳብ መሥመሮች ይበላል። ሲከፈት የዓሣ ሽታ የሚመስል ነገር ይሸታል። ሰሌዳው ብዙ ካልተበላ ካፓሲተሩን መለወጥ ለሠለጠነ እጅ አስቸጋሪ አይደለም፤ አዲሱ ካፓሲተር መጠኑ ከቀድሞው ጋር እኩል፣ የሚችለው ቮልቴጅ ከቀድሞው ያላነሰ፣ ሙቀት የመቋቋም አቅሙም 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል። ባትሪው ሳይነቀል ሳጥኑን መንቀል ግን ጤነኛውንም ማቃጠል ነው።

ከሌላ መኪና የተነቀለ ሳጥን መግጠምም የራሱ ጣጣ አለው። ቁልፍ የሚለይ ሥርዓት ባላቸው መኪኖች ላይ እንግዳው ኮምፒውተር ቁልፉን ስለማያውቀው ሞተሩን ያግዳል። ከዚህ ለሚዘምኑት፣ ናፍጣውን በጋራ ቧንቧ አጠራቅመው ለሚረጩት ሞተሮች ደግሞ የእያንዳንዱ ኖዝል የማረሚያ ቁጥር በኮምፒውተሩ ውስጥ ይመዘገባል፤ የሌላ ሞተር ቁጥር ይዞ የመጣ ሳጥን ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ያጨሰዋልም።

ጥንድ በሬ የተሸጠበትን ሳጥን ባለንብረቱ አምጥተው አስረከቡን። ስንከፍተው ከካፓሲተሮቹ አንዱ አብጦ፣ ከሥሩ ያለው መሥመር ጠቁሯል። አሁን በላቦራቶሪያችን ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች እየተፈራረቁ ይለኩታል።