ብልጭታ የጠፋበት የሣር ማጨጃ ሞተር

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሰው ሕመሙን ቢደብቅ በፈቃዱ ነው፤ ሞተር ግን አንደበት ስለሌለው ችግሩን የሚገልጸው በምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተር የሚመረምር ሰው እንደ ሐኪም በትዕግሥትና በቅደም ተከተል ሊሠራ ይገባዋል። ይህን የዘነጋ ሰው የመጀመሪያውን ምልክት ሳያይ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይሮጣል፤ ገንዘቡም ያለ ጥቅም ይጠፋል።

ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ጥቁር ዐባይ ከነጭ ዐባይ ጋር በሚገናኝባት በካርቱም ከተማ፥ የዓመቱ ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በግንቦትና በሰኔም የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። እንደዚህም ሆኖ ከወንዙ በተሳበ ውኃ የለመለሙ የአትክልት ሥፍራዎችና የሣር መስኮች የከተማይቱ ጌጥ ሆነው ኖረዋል። በሌላ በኩል «ሀቡብ» የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ሰማዩን አጨልሞ በየቀዳዳው ይገባል። ሙቀትና አቧራ ደግሞ የትንንሽ ሞተሮች ዋነኛ ጠላቶች ናቸው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ በብዙ ሠፈሮች መብራትና የቧንቧ ውኃ ተቋረጠ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በቤንዚን የሚሠራ ጄኔሬተርና የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ለቤተሰብ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ ለማንም ግልጽ ነው። የሣር ማጨጃው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ደግሞ ከእነዚህ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው ለማለት ይቻላል። ሣሩ ሳይታጨድ ቢሰነብት ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ፓምፑ ሳይነሣ የቀረ እንደሆነ ግን ቤተሰቡ ውኃ ያጣል። የአንዱን ብልጭታ መመርመር የተማረ ሰው የሌላውንም ለመመርመር አይቸገርም።

የሣር ማጨጃ መኪናን በመጀመሪያ የፈለሰፈው ኤድዊን ባዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፥ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1830 ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ1831 ማይክል ፋራዴይ ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚያስገኝ በሙከራ አረጋገጠ። በ1902 ደግሞ በሮበርት ቦሽ ድርጅት ይሠራ የነበረው ጎትሎብ ሆኖልድ ይህንኑ ሕግ መሠረት አድርጎ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን ማግኔቶ አዘጋጀ። ዛሬም በገመድ እየተሳበ የሚነሣው ትንሽ ሞተር ያለ ባትሪ ብልጭታ የሚያገኘው በዚሁ ዘዴ ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ቮላኖ በሚባለው ከባድ ጎማ መሰል ብረት ላይ ማግኔት ተተክሏል። ገመዱ ሲሳብ ቮላኖው ይዞራል፤ ማግኔቱም ቦቢና በሚባለው የሽቦ ጥቅል አጠገብ ያልፋል። በቦቢናው ውስጥ ጥቂት ዙር ያለው ወፍራም ሽቦና በብዙ ሺህ ዙር የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አሉ። በወፍራሙ ሽቦ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ፥ በቀጭኑ ሽቦ ከ10,000 ቮልት በላይ ይፈጠራል። ይህም ኃይል በካንዴላው ጫፍ ላይ ዘሎ ቤንዚኑን ያቀጣጥላል። ካንዴላ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ሻማ ነው፤ ስሙ ከሥራው ጋር በእውነት ይስማማል።

ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ጥንቃቄ ይቅደም። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የካንዴላው ሽቦ ይነቀል፤ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ተጠርጎ እስኪደርቅ ይጠበቅ። የቤንዚን ትነት ከአየር የከበደ ስለሆነ በመሬት ላይ ተንጣሎ ይቆያልና፥ አንዲት ብልጭታ ሰውን ለማቃጠል ትበቃለች። ሽቦው ሳይነቀል እጅን ወደ ምላጩ መስደድም ጣትን እንደ መሸጥ ይቈጠራል።

አንደኛ፤ ካንዴላው ተፈትቶ ይታይ። በጥቁር ጥላሸት ወይም በዘይት ከተሸፈነ ይጽዳ፤ ሸክላው ከተሰነጠቀ ይለወጥ። በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትክክለኛው ልክ በሞተሩ መመሪያ ላይ ይገኛል። ካንዴላው በቤንዚን ርሶ ከተገኘ ነዳጁ ሲሊንደሩ ውስጥ ደርሷል ማለት ነውና፥ ጥርጣሬው ወደ ብልጭታው ያዘነብላል።

ሁለተኛ፤ ደኅና ካንዴላ በሽቦው ላይ ተሰክቶ የብረት አካሉ የሞተሩን ብረት እንዲነካ ይደረግ። ካንዴላው የወጣበት ቀዳዳ በጨርቅ ይሸፈን፤ ካንዴላውም ከቀዳዳው ይራቅ፤ መያዣውም ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ጉጠት ይሁን። ከዚያም ጥላ በሆነ ሥፍራ ገመዱ በኃይል ይሳብ። ሰማያዊና ድምፅ ያለው ብልጭታ የጤንነት ምልክት ነው፤ ቀይና ደካማ ከሆነ ወይም ጨርሶ ካልታየ ምርመራው ይቀጥላል። በካርቱም ቀትር ፀሐይ ብልጭታን ለማየት መሞከር ግን ዐይንን ማታለል ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። በአሜሪካ ከ1982 ወዲህ የሚሠሩት እየተገፉ የሚያጭዱ መኪናዎች፥ እጀታው ሲለቀቅ ምላጩ በ3 ሴኮንድ ውስጥ እንዲቆም በደንብ ተወስኗል። በብዙዎቹም ላይ በእጀታው ያለው ዘንግ ካልተጨበጠ ብልጭታው ይቋረጣል። ስለዚህ ሲፈተሽ ዘንጉን የሚጨብጥ ረዳት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፤ የማጥፊያው ሽቦ ይመርመር። ሞተሩ የሚጠፋው ይህ ቀጭን ሽቦ የቦቢናውን ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሩ አካል ሲያፈስሰው ነው። ሽፋኑ ተልጦ ብረት የነካ እንደሆነ ማንም ሳያዝዘው ሞተሩን እንደ ጠፋ ያቆየዋል። ሽቦው ከቦቢናው ተነቅሎ እንደገና ሲሞከር ብልጭታ ከታየ፥ በሽታው በሽቦው ወይም በማጥፊያው ላይ ነው፤ ቦቢናውም ከጥርጣሬ ነጻ ይሆናል። ነገር ግን ሽቦው እንደ ተነቀለ ሞተሩን ማስነሣት አይገባም፤ በማጥፊያው ለማቆም አይቻልምና። በብዙ ጄኔሬተሮችና ፓምፖች ላይ ደግሞ ዘይት ሲጎድል ብልጭታን የሚከለክል መሣሪያ አለ። ስለዚህ አስቀድሞ ሞተሩን በደልዳላ መሬት አቁሞ ዘይቱን መለካት ብዙ ድካም ያስቀራል።

አራተኛ፤ ክዳኑ ተፈትቶ ቦቢናውና ቮላኖው ይታዩ። አቧራው ይጠረግ፤ ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይፋቅ። በማግኔቱና በቦቢናው እግሮች መካከል ያለው ክፍተት በብዙ ሞተሮች ከ0.25 እስከ 0.36 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ኃይሉ ይደክማል፤ ከጠበበ ብረት ከብረት ይፋጫል። በአሮጌ ሞተሮች ላይ ከቮላኖው ሥር ፑንቲናና ኮንዴንሰር ይገኛሉ፤ የፑንቲናው ጫፍ ከቆሸሸ ወይም ከተቃጠለ ብልጭታ አይገኝም። ብሪግስ ኤንድ ስትራተን የተባለው ኩባንያ በ1982 ይህን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተክቶታል።

ምላጩ ድንጋይ ከመታ በኋላ ሞተሩ እንቢ ካለ ደግሞ፥ ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ትንሽ ቁልፍ ትፈተሽ። በብዙ ማጨጃዎች ላይ ይህች ቁልፍ ለስላሳ ብረት የሆነችው ሆን ተብሎ ነው፤ እርሷ ተቈርጣ ውዱን ዘንግ ታድናለች። በዚህ ጊዜ ብልጭታ ሊኖር ይችላል፤ የሚመጣው ግን ያለ ጊዜው ነው። ጠንካራ ይሻላል በማለት በሌላ ብረት መተካት ዘንጉን ለስብራት መዳረግ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ብልጭታ ካልተገኘ፥ ያን ጊዜ ቦቢናው ይለወጥ። አንዳንድ ቦቢና ሲቀዘቅዝ ይሠራል፤ ሲሞቅ ግን የውስጡ ሽቦ ተላቅቆ ዝም ይላል። ጧት የተነሣ ሞተር በቀትር ቀጥ ብሎ ማታ እንደገና ከተነሣ፥ ፍተሻው በቆመበት ቅጽበት ሳይቀዘቅዝ መደረግ አለበት። አለዚያ ሕመምተኛው ሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ እንደሚሻለው ያለ ይሆናል።

ቦቢናን የመጨረሻ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከካንዴላና ከአንዲት ሽቦ ይልቅ ዋጋው ይከብዳል፤ መንገድ በተዘጋበትና ሱቅ በተቃጠለበት ከተማ ደግሞ በዋጋም ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ሹም በግዥ ወረቀት ላይ ከመፈረሙ በፊት፥ «ካንዴላው ታይቷልን? ዘይቱ ተለክቷልን? የማጥፊያው ሽቦ ተነቅሎ ተሞክሯልን?» ብሎ ሠራተኛውን ይጠይቅ። ሠራተኛውም ላየው ነገር ማስረጃ ያቅርብ። ሞተሩም ከተነሣ በኋላ ጄኔሬተር የሆነ እንደሆነ ሁልጊዜ ከቤት ውጭ ይሥራ፤ ጭሱ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለውና የተኛን ቤተሰብ ሳያነቃ ይገድላል።