የተውሶ መጽሐፍ፣ የራስ ደብተር

አዴት ላይ አንድ ልቦለድ በአንድ ቤት ሁለት ሳምንት ከቆየ ብዙ ቆየ ማለት ነው። ከባሕር ዳር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣ መጽሐፍ ባለቤቱ ሳይጨርሰው ወረፋ ይያዝበታል። መምህሩ ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ለእህቱ ልጅ፣ የእህቱ ልጅ ለክፍል ጓደኛዋ ታውሰዋለች። ሽፋኑ ይላላል፣ ጀርባው በፕላስተር ይታሰራል፣ አንዳንዴም የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ሳይመለሱ ይቀራሉ። የይስማዕከ ወርቁን ዴርቶጋዳ ያነበብሁት እንዲህ ነው፤ በሦስት ቀን መልስ ተብዬ፣ በክረምት፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት በስልክ ባትሪ። መለስሁት። ከወራት በኋላ ተከታዩ ራማቶሓራ እጄ ሲገባ ግን ማን ከማን ጋር እንደነበር፣ ማን ማንን እንደሚያሳድድ ተቀላቅሎብኝ ነበር። የመጀመሪያውን ገልጬ እንዳላይ መጽሐፉ በሦስተኛ ሰው እጅ ላይ ነው። የንባብ ደብተር የጀመርሁት ያን ሰሞን ነው።

ነገሩ ተራ ነው፤ ተማሪ የሚጽፍበት ባለ መስመር ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃዋል። ለመምህር የሚቀርብ የመጽሐፍ ማጠቃለያ ግን አይደለም፤ ማጠቃለያ የሚጻፈው መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ነው። የንባብ ደብተር የሚጻፈው አንብቦ ለሚረሳ ሰው፣ ማለትም ለራስ ነው። ደብተር የሚለው ቃል ራሱ በዐረብኛ በኩል ያለፈ የግሪክ ቃል ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ የተፋቀ ቆዳ ነው። ብራና ሲፋቅ ባየንበት አገር ይህ ትርጉም እንግዳ አይሆንም።

ለማንኛውም ልቦለድ ደብተር መያዝ ይቻላል። ለምናባዊውና ለሳይንሳዊው ልቦለድ ግን ግድ ይመስለኛል። ፍቅር እስከ መቃብርን አስቡ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ታሪክ የሚነሣው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ መንገድ ላይ ከምትገኘው ከማንኩሳ ነው። ባለታሪኩ በዛብህ ቅኔ ቤት ገባ ሲባል የእኛ አገር አንባቢ ደበሎውን አልብሶ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ይሸኘዋል። ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬውን ሲያስጨንቁ ያንባቢው አያት የነገሩት የግብር ታሪክ አብሮ ይነሣል። ዓለሙ በአንባቢው ልብ ውስጥ ቀድሞ ቆሟል፤ ደራሲው ሰዎቹን ብቻ ያስገባበታል። የምናብ ደራሲ ግን ሰዎቹንም፣ አገሩንም፣ ሕጉንም ጭኖ ይመጣል። ፀሐዩ ስንት እንደሆነ፣ አስማቱ ምን እንደሚያስከፍል፣ መርከቡ በምን እንደሚበር፣ ሁሉም ከገጹ ላይ እንደ ቃርሚያ መለቀም አለበት። ጆሮ ያልለመዳቸው ስሞች ደግሞ ሃምሳ ገጽ ሳይሞላ ሠላሳና አርባ ይደርሳሉ።

ስለዚህ ከደብተሬ ሁሉ የምሳሳለት ገጽ «የዓለሙ ሕግ» ብዬ የሰየምሁት ነው። ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1895 ያሳተመውን የጊዜ መኪና ታሪክ ሳነብ እዚያ ገጽ ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ መኪናው ዘመን ይለውጣል እንጂ ቦታ አይለውጥም። ተጓዡ ከቤተ ሙከራው ተነሥቶ እ.ኤ.አ. 802,701 ላይ ሲቆም ያው የነበረበት ስፍራ ላይ ነው፤ ቤቱ ጠፍቶ ሣር የለበሰ ሜዳ ሆኗል እንጂ። ከምድር በታች የሚኖሩት ፍጥረቶች መኪናውን ከሜዳው ጎትተው በነጩ የስፊንክስ ሐውልት መቆሚያ ውስጥ ይደብቁበታል። በመጨረሻ ከዚያው ተነሥቶ ወደ ዘመኑ ሲመለስ መኪናው ከተነሣበት ጥግ አይደለም ያረፈው፤ በቤተ ሙከራው ማዶ፣ በሌላኛው ግድግዳ ሥር ነው። በሁለቱ ጥጎች መካከል ያለው ርቀት በትክክል ከሜዳው እስከ ሐውልቱ ያለው ርቀት ነው። ደራሲው ይህን ባጭሩ ተናግሮ ያልፋል፤ ሕጉን ያልጻፈ አንባቢም አብሮት ያልፋል። እኔ ያን ማታ መጽሐፉን አስቀምጬ ክፍሌ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል አመሸሁ። ሰውየው ዋሽቶ እንደሆነ የሚጠራጠሩ እንግዶቹ የፈለጉት ማስረጃ ወለሉ ላይ ቆሞ ነበር፤ ያየሁትም በዚያች አንድ መስመር ምክንያት ነው።

ሌላው ለእኛ አገር አንባቢ የማይቀር ነገር የዘመን ቆጠራው ነው። አሜሪካዊቷ ኦክታቪያ በትለር እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመችው ልቦለድ ርዕሱን ከወንጌል፣ ከዘሪው ምሳሌ የወሰደ ነው። ሙሉው መጽሐፍ የአንዲት ልጅ የዕለት ማስታወሻ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ጁላይ 20፣ 2024 ይላል፤ ልጅቷ 15 ዓመት የሞላት ዕለት ነው። በደብተሬ ጠርዝ ላይ ወደ እኛው ቀን መለስሁት፦ ሐምሌ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.። በመጽሐፉ ካሊፎርኒያ ዝናብ ብርቅ ነው፤ ውኃ ይሸጣል፤ ሰው በግንብ ታጥሮ ያድራል። በእኛ ዘንድ ሐምሌ ጤፍ የሚዘራበት፣ በሬውም ሰውም ጭቃ ውስጥ የሚውልበት ወር ነው። ከቀኑ አጠገብ «እነርሱ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ እኛ እየዘራን ነው» ብዬ ጻፍሁ። የመጽሐፉ ርዕስ ዘሪ ነውና ያች ማስታወሻ ከዚያ በኋላ ንባቤን ሁሉ መራችው። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ባልመልሰው ኖሮ አላገኛትም ነበር።

በትለር ራሷ ደብተር ወዳድ ነበረች። በካሊፎርኒያ በሀንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡት ደብተሮቿ መጽሐፎቿ በሰፊው እንደሚነበቡ ለራሷ የጻፈቻቸውን ማበረታቻዎች ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ዐረፈች፤ ይህ መጽሐፏ የኒውዮርክ ታይምስ የሽያጭ ዝርዝር ውስጥ የገባው በ2020 ነው።

ከእርሷ በፊትም ደብተር ያዥ አለች። ብዙዎች የሳይንስ ልቦለድ እናት የሚሏት ሜሪ ሼሊ ከ1814 ጀምሮ የቀን ማስታወሻ ትይዝ ነበር፤ በውስጡ በየዓመቱ ያነበበቻቸውን መጻሕፍት ዘርዝራለች። በኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ በ1815 ፈነዳ፤ በሚቀጥለው ዓመት አውሮፓ በጋ የሚባል ነገር ሳያይ ዝናብና ብርድ ሆነ። የ18 ዓመቷ ወጣት ጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ቤት ተዘግቶባት ፍራንከንስታይንን ጀመረች፤ በ1818 ታተመ። በታሪኩ ውስጥ ስም የሌለው ፍጡር ጫካ ውስጥ ወድቆ ባገኘው የቆዳ ሻንጣ ውስጥ መጻሕፍት አግኝቶ ያነባል፤ አንዱ የሚልተን ገነት የጠፋችበት መጽሐፍ ነው። ሚልተን በሼሊ የንባብ ዝርዝር ውስጥም አለ። በደብተር ላይ የተጻፈ አንድ ርዕስ ተመልሶ የአንድ ፍጡር ትምህርት ቤት ሆነ።

«ይህ የፈረንጅ ቅዠት ለገበሬ ልጅ ምን ይረባዋል?» ያሉኝ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ የማከብራቸው ሰው ናቸው። በጥያቄያቸው ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። መጽሐፈ ሔኖክ በሙሉ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። የግሽ ዓባይን ምንጭ ለማየት በ1770 እ.ኤ.አ. ሰከላ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሦስት ቅጂ ይዞ አውሮፓ ሲገባ የሊቃውንቱ ደስታ ታላቅ ነበር። ሔኖክን ከልቦለድ ጋር አልቆጥረውም፤ ለእኛ ቅዱስ መጽሐፍ ነው። የምለው አባቶቻችን የበረዶንና የነፋስን መዝገብ፣ የፀሐይን ስድስት መግቢያና ስድስት መውጫ ደጆች ሲሰሙ የኖሩ መሆናቸውን ነው። ከዚህ ዓለም ወዲያ ያለ ነገር ሲተረክ ጆሮአችን አይደነግጥም። ምናባዊ ልቦለድ ሲመጣብን መሬቱ ታርሶ ነው የጠበቀው።

ደግሞስ ፈረንጁ ራሱ ምናቡን ያሰማራው በእኛ ላይ አልነበረም? እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን መጀመሪያ በ1735 የኢየሱሳዊውን የዠሮኒሞ ሎቦን የሐበሻ ጉዞ ተርጉሞ ነበር። በ1759 ደግሞ ራስላስ የተባለውን የኢትዮጵያ መስፍን ታሪክ ከራሱ ፈጥሮ ጻፈ፤ ሲራክ ኅሩይ ኋላ ወደ አማርኛ መልሰውታል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ክንፍ ሠርቶ ለመብረር የሚሞክር ብልሃተኛ አለ። አንድ ዓመት ሙሉ ደክሞ ከሐይቅ ዳር ካለ ከፍታ ይዘልላል፤ ወዲያው ይወድቃል። አየር ላይ ያልረዱት ክንፎች ውኃው ላይ ደግፈው ይይዙታል፤ መስፍኑም ጎትቶ ያወጣዋል። ይህ ሁሉ ያስቃል። ቀድሞ ያስያዘው ውል ግን አያስቅም፤ ጥበቡ ለሌላ ሰው እንዳይገለጥ የሚል ነበር፤ ክፉ ሰው ከሰማይ መውረድ ከቻለ ቅጥር ማንንም አያድንምና። አውሮፕላን ከመሠራቱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ የተጻፈ ቃል ነው። በደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

የቃላት ገጽም አለኝ፤ በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ይህ ገጽ የትግል ሜዳ ነው። የቶልኪንን የቀለበቱን ጌታ ሳነብ ጋንዳልፍ የተባለውን ባለ ምትሃት ሽማግሌ መጀመሪያ «ጠንቋይ» ብዬ መዘገብሁት። ሰረዝሁት፤ የእኛ ጠንቋይ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ ዋጋ የሚቀበል ነው። «ደብተራ» አልሁ፤ ዕፀዋቱንና ከዋክብቱን ማወቁ ይስማማል፤ ግን ደብተራ ደብር አለው፣ ማኅሌት ይቆማል። አሁን በገጹ ላይ ያለው «ዘዋሪ መምህር» ነው፤ እርሱም አላረካኝም። ዘንዶውን ለመጻፍ ግን አላመነታሁም፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ሥር ሲወጋ እያየሁት ነው ያደግሁት። ልብ ወለድ የሚለው ቃል እንኳ እንዲህ በትግል የመጣ ነው። በጣና ዳር በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ ርዕስ ልብ ወለድ ታሪክ ነበር፤ ልብ የወለደው ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ስም ለዚህ ጥበብ በሌላ ቋንቋ አላጋጠመኝም።

በመጨረሻ የግምት ገጽ። አዴት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የሙከራ መደቦቹን ያየ ሰው የነገሩን ሥርዓት ያውቀዋል። ዘር መሬት ሲነካ ቀኑ ይመዘገባል፣ ሲያብብ ይመዘገባል፣ ሲታጨድ ይመዘገባል፤ ከአጨዳ በኋላ ተቀምጦ የአበባውን ቀን ማስታወስ አይቻልም። ግምትም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ግማሽ ሲደርስ እዘጋዋለሁ፤ ይህ ሰው ይከዳል፣ ያ ፍጥረት ሰው ሆኖ ይገኛል፣ ከተማዪቱ ትጠፋለች እያልሁ ቀን አስገብቼ እጽፋለሁ። ከጨረስሁ በኋላ የተሳሳትሁትን አልሰርዘውም። የተሳሳተው ግምት ደራሲው ወዴት ሊወስደኝ ፈልጎ ወዴት እንደሄድሁ ያሳየኛል፤ ብዙ ጊዜም ከትክክለኛው ይልቅ የምማርበት እርሱ ነው።

የደራሲው ሐሳብ ሁለት መንገድ ሲሆንብኝ ከቤተ ክህነት ትርጓሜ «አንድም»ን እዋሳለሁ። አንድም ጭራቁ ጦርነት ነው፣ አንድም ረኀብ ነው፣ አንድም ጭራቅ ብቻ ነው። መምህራኑ ይህን ሥርዓት የሠሩት ለቅዱሳት መጻሕፍት ነው፤ በአክብሮት ነው የምዋሰው። አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል ስለማያስገድድ ለምናብ መጽሐፍ እጅግ ይስማማል።

ሲጻፍ መጠንቀቅ ያለበት ነገር አንድ ነው። በየገጹ እየቆሙ መጻፍ ታሪኩን ይገድለዋል። እኔ ምዕራፍ ሲያልቅ ብቻ ነው እስክሪብቶ የማነሣው፤ ልብ አንጠልጣይ ከሆነ እስከ ማግስቱም አቆየዋለሁ። ስልክ ላይ መጻፍንም ሞክሬአለሁ፤ ስልኩ ሲበላሽ የአንድ ዓመት ንባብ አብሮ ሄደ። ወረቀት ዝናብ ካልነካው ይቆያል።

ከደብተሮቼ ሦስተኛው ባለፈው ክረምት በውሰት ሄደ። አንዲት የመሰናዶ ተማሪ የጊዜ መኪናውን ታሪክ ፈልጋ መጣች፤ መጽሐፉ እኔ ዘንድ አልነበረም፤ ደብተሩን ሰጠኋት። በመስከረም ስትመልስልኝ «የዓለሙ ሕግ» በሚለው ገጽ ጠርዝ ላይ፣ ሐውልቱንና የቤተ ሙከራውን ጥግ በጻፍሁበት አጠገብ፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አገኘሁ፦ «አንድም መኪናውን ማንም ሳያይ ራሱ ገፍቶት ይሆናል።»