ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ማጉያ ስለ መሥራት፤ በተለይም ስለ ሳጥኑና በውስጡ ስላለው አየር

ድምፅ ማጉያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ማግኔቱና ስለ ወረቀቱ ሾጣጣ ነው፤ ሳጥኑ እንደ ቤት ዕቃ ጌጥ ይቆጠራል። እኔና አንድ ባልንጀራዬ አንድ ጥንድ ድምፅ ማጉያ በገዛ እጃችን ሠርተን ስንጨርስ የተረዳነው ግን የሥራው ግማሽ ሳጥኑ መሆኑን ነው። ከዚህም በላይ በአዲስ አበባ የሚሠራ ሳጥን በባሕር ዳርቻ አገር ለሚሠራው በተጻፈው መጠን ሊቆረጥ እንደማይገባ በስሌት አይተናል። ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ የኮሌጅ ጓደኞቻችን ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት ምክንያቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

በሱቅ እስፒከር እየተባለ የሚሸጠው ዕቃ አሠራሩ ቀላል ነው። በሾጣጣው ጀርባ ቀጭን የሽቦ ጥቅል ተያይዟል፤ ጥቅሉም በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ ተንጠልጥሏል። ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ኃይል አቅጣጫውን በለወጠ ቁጥር ጥቅሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሾጣጣውም አብሮት ይሄዳል። ይህን አሠራር ዛሬ በምናውቀው መልክ ያቀረቡት በአሜሪካ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሐንዲሶች የነበሩት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ ሲሆኑ፥ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1925 ነበር።

ሾጣጣው ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። ሳጥን ከሌለ የታመቀው በጠርዙ ዞሮ የሳሳውን ይሞላዋል፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ቀጭን ድምፅ በዚህ ብዙ አይጎዳም፤ በሰከንድ 10,000 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 3.4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነውና። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚንቀጠቀጠው ወፍራም ድምፅ ግን የሞገዱ ርዝመት 7 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ብቻ ስለሚቀረው ከእስፒከሩ ጠርዝ በቀላሉ ይዞራል። ይህን ለማየት የሚፈልግ ሰው ባዶውን እስፒከር በጠረጴዛ ላይ አድርጎ ዘፈን ያሰማ፤ ከዚያም መካከሉ በእስፒከሩ ልክ የተቀደደ ሰፊ ካርቶን ያስጠጋበት። ጠፍቶ የነበረው የከበሮ ድምፅ ወዲያው ይሰማል።

የኋላውን ድምፅ ለማስቀረት ሳጥኑን ዙሪያውን መድፈን ይበቃል። ነገር ግን በሳጥኑ የታሰረው አየር በተራው እንደ ብረት ሞላ ሁኖ ሾጣጣውን ይገፋዋል። ሳጥኑ በጠበበ መጠን ሞላው ይጠነክራል፤ እስፒከሩም ወፍራሙን ድምፅ ለማውጣት ይቸገራል። አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር እ.ኤ.አ. በ1954 ይህንኑ የአየር ሞላ ለጥቅም አውሎት፥ የሾጣጣውን የራሱን መያዣ እጅግ አላልቶ፥ ቀድሞ ቁም ሣጥን የሚያህል ዕቃ ይጠይቅ የነበረውን ወፍራም ድምፅ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ ሳጥን አወጣው። ኋላም አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ጽሑፍ፥ ከእርሱም ቀጥሎ ሪቻርድ ስሞል፥ የሳጥኑ ልክ በግምት ሳይሆን በቁጥር የሚታወቅበትን መንገድ አደላድለዋል።

ለጀማሪ የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው እስፒከሩ ያለ ሳጥን በራሱ የሚንቀጠቀጥበት ፍጥነት ነው። ሁለተኛው «አቻ አየር» ልንለው የምንችለው፥ ሞላነቱ ከሾጣጣው መያዣ ሞላነት ጋር እኩል የሚሆን የአየር መጠን ነው። ሦስተኛው ኪው የሚባለው፥ ሾጣጣው ከተነካ በኋላ ቶሎ ወይም ዘግይቶ መቆሙን የሚያመለክት ቁጥር ነው። አቻ አየሩን ለሳጥኑ መጠን አካፍሎ፥ አንድ ጨምሮ፥ የድምሩን ዳግም ዘር (ይኸውም በራሱ ሲባዛ ድምሩን የሚሰጠውን ቁጥር) መፈለግ ነው። የእስፒከሩ ፍጥነትና ኪው ሁለቱም በዚህ ቁጥር ይባዛሉ።

ለምሳሌ ፍጥነቱ በሰከንድ 55፥ አቻ አየሩ 20 ሊትር፥ ኪው 0.5 የሆነ እስፒከር ይኑረን እንበል። በ20 ሊትር ሳጥን ሲገባ ፍጥነቱ 78፥ ኪው 0.71 ይሆናል፤ ይህም ድምፁ ሳያብጥና ሳይደርቅ የሚቆምበት ልክ ነው። በ10 ሊትር ቢገባ ግን ፍጥነቱ 95፥ ኪው 0.87 ይደርሳል፤ የሚሰማውም እንደ ባዶ በርሜል ያለ ድምፅ መሆን ይጀምራል።

እዚህ ላይ ነው የአገራችን ከፍታ የሚገባው። የአየር ሞላ ጥንካሬው የሚመጣው ከአየሩ ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሯ ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የሾጣጣው መያዣ ግን ወረቀትና ጎማ ወይም ጨርቅ ነውና ከፍታ አይለውጠውም። እንግዲህ በፋብሪካው ወረቀት ላይ 20 ሊትር ተብሎ የተጻፈው አቻ አየር እዚህ 15 ሊትር ያህል ይሆናል፤ በባሕር ዳርቻ 20 ሊትር ሳጥን የሚፈልገውም እስፒከር በአዲስ አበባ በ15 ሊትር ሳጥን ያንኑ 78 እና ያንኑ 0.71 ይሰጣል። ከሳጥኑ ይዘት አንድ አራተኛው ተረፈ ማለት ነው፤ ጣውላ በተወደደበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ልዩነቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በእርግጥ የሳሳ አየር ጉዳትም አለው፤ ሾጣጣው የሚገፋው አየር ቀላል ስለ ሆነ የሚሰማው ድምፅ በሁለት ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይላል። የእስፒከሩ የራሱ ፍጥነትም ጥቂት ከፍ ይላል፤ ይህ ግን ለጀማሪ የሚያሳስብ አይደለም።

በሳጥኑ ፊት ቱቦ ያለበትን ዓይነት የሚመርጡ አሉ። የቱቦው ቅኝት የሚወሰነው በድምፅ ፍጥነት ሲሆን፥ የድምፅ ፍጥነት ደግሞ በአየሩ ሙቀት እንጂ በግፊቱ አይለወጥም። ስለዚህ ቅኝቱ እንዳለ ይቆያል፤ የሳጥኑ ሞላ ግን ይላላል፤ በመጽሐፉ ተስማምተው የነበሩት ሁለቱ ነገሮች እዚህ አይስማሙም። ለመጀመሪያ ሥራ የተደፈነውን ሳጥን የምንመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚሻለው በያሉበት መለካት ነው፤ ከአሮጌ ራዲዮ ወይም ከመኪና የወጣ እስፒከር ምንም ወረቀት የለውምና ሌላ መንገድም የለም። ከአምፕሊፋየሩ ወደ እስፒከሩ በሚሄደው ሽቦ መካከል 100 ኦም ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሬዚስተር ይገባል፤ ቮልት መለኪያውም በእስፒከሩ ሁለት ጫፎች ላይ ይያዛል። ልዩ ልዩ ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ ዛሬ በእጅ ስልክ ስለሚገኝ ድምፁን ከወፍራም ወደ ቀጭን እያሻገሩ መለኪያው ከሁሉ በላይ የሚነሳበትን ቦታ መጻፍ ነው። ከዚያም እስፒከሩን መጠኑ በታወቀና በሚገባ በተደፈነ በማናቸውም ሳጥን ላይ አስሮ እንደገና መለካት ነው። በ15 ሊትር ሳጥን 55 የነበረው 78 ከሆነ፥ 78ን ለ55 አካፍሎ፥ ውጤቱን በራሱ አባዝቶ፥ አንድ ቀንሶ በ15 ማባዛት ነው፤ 15 ሊትር ያህል አቻ አየር ይወጣል። በዚህ መንገድ የተገኘ ቁጥር የአዲስ አበባን አየር በውስጡ ይዞ ስለሚገኝ ሌላ ማረሚያ አያሻውም።

ስለ ሳጥኑ አሠራር አንድ ነገር እንጨምር። የማሲንቆ ሳጥን እንዲዘምር ተብሎ የተሠራ ነው፤ የበገናም መንዘር ውበቱ ነው። የድምፅ ማጉያ ሳጥን ግን የራሱ ድምፅ ሊኖረው አይገባም፤ አለዚያ የሴቱም የወንዱም ዘፈን በአንድ ቃና ይወጣል። ስለዚህ 18 ሚሊ ሜትር ችፑድ ወይም ኮምፔንሳቶ ከቀጭኑ ይሻላል፤ ሁለቱ ሰፋፊ ጎኖችም እንደ ቤት ግድግዳ በመካከላቸው ማገር ቢገባላቸው ይረጋሉ። በጣት ሲንኳኳ እንደ ከበሮ የሚመልስ ጎን ሌላ ማገር ይፈልጋል። መጋጠሚያዎቹ በሰጋቱራና በኮላ ይደፈናሉ። ሾጣጣውን በጣቶች በቀስታ ገፍቶ ሲለቁት ዘግየት ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ አየር ይዟል፤ ወዲያው ከዘለለ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ። በውስጡም ጥቂት የፍራሽ ጥጥ ሳይጠቀጠቅ ይጨመራል።

የሽቦው ነገር አጭር ነው። ለቀጭን ድምፅ የተሠራው ትንሽ እስፒከር 8 ኦም ከሆነ፥ በፊቱ የሚገባ የ4.7 ማይክሮ ፋራድ ኮንደንሰር በሰከንድ ከ4,200 ንዝረት በታች ያለውን እየቀነሰ ከመቃጠል ያድነዋል። የጥንዱ ሽቦዎችም በአንድ አቅጣጫ መያያዝ አለባቸው። የ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ በእስፒከሩ ጫፎች ላይ ለአፍታ ቢነካ ሾጣጣው ወደ ውጭ ይወጣል ወይም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ወደ ውጭ ሲወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ የእስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው። አንዱ ተገልብጦ ከታሰረ፥ ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች ጎን ለጎን ቆመው ወፍራሙን ድምፅ እርስ በርሳቸው ያጠፉታል።