ደወሉ ሳይመታ ጆሮውን የሚይዝ ልጅ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ዛፉ ላይ ወደተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ተጠግቶ ብረቱን ሲያነሳ፣ ከሰልፉ መሀል አንድ የኬጂ ልጅ ገና ድምፁ ሳይሰማ ሁለት መዳፉን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ትከሻው ወደ ላይ ተሰብስቧል፤ ዓይኑ ተጨፍኗል። ደወሉ ተመትቶ፣ ሌሎቹ ልጆች እየተጋፉ ወደ ክፍላቸው መግባት ከጀመሩ በኋላም እሱ እጁን አላወረደም። መዋዕለ ሕፃናት ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለ ልጅ ማየቱ አይቀርም። ስሙን ግን እያንዳንዱ እንደመሰለው ያወጣለታል፤ ለአንዱ ሞልቃቃ ነው፣ ለሌላው ፈሪ፣ ለሦስተኛው ደግሞ አንዳች ነገር የለከፈው።

ልጁ አስመሳይ አይደለም። የሚያስጨንቀው ነገር እውነተኛ መሆኑን ሐኪሞች ከጻፉት ሰማንያ ዓመት አልፏል። ትምህርት ቤቱን ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚቻል ለማድረግ የሚያስፈልገውም ነገር ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው።

በሕክምናው ነገሩ አንድ ስም ብቻ የለውም። ሌላው ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረው ድምፅ ከመጠን በላይ ገኖ ሲሰማ፣ አልፎ አልፎም ጆሮን ሲያም፣ ሃይፐራኩሲስ ይባላል። ሚሶፎኒያ ለየት ይላል፤ ዝቅ ያሉ ቢሆኑም እንደ ማኘክ ወይም ንፍጥ መማግ ያሉ የተወሰኑ ድምፆች ቁጣ ይቀሰቅሳሉ። ፎኖፎቢያ ደግሞ ፍርሃቱ ራሱ ነው፤ ድምፁ በሌለበት እንኳ «አሁን ይመጣል» የሚለው ሐሳብ ያስጨንቃል። የአምስት ዓመት ልጅ እነዚህን ለይቶ አይናገርም። እሱ የሚያውቀው ጆሮውን መያዝ፣ ማልቀስ፣ ጠረጴዛ ሥር መግባት ወይም በየማለዳው «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ከቤት አልወጣም ማለትን ነው።

ብዙ ሰው ይህን ከኦቲዝም ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ግንኙነቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ ሊዮ ካነር የተባለው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ስለ 11 ልጆች በጻፈውና ኦቲዝምን ለዓለም ባስተዋወቀው ጽሑፍ ላይ፣ ልጆቹ የቤት ውስጥ መሣሪያዎችን ድምፅ ምን ያህል ይፈሩ እንደነበር አስፍሯል። ሆኖም ለድምፅና ለሌሎች ስሜቶች ከልክ ያለፈ ምላሽ መስጠት ከኦቲዝም መለያ ምልክቶች አንዱ ሆኖ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እነዚያ ሰባ ዓመታት ብዙ ልጆች «ጠባየኛ» እየተባሉ የተቀጡባቸው ዓመታት ናቸው። ነገር ግን ድምፅ የማይችል ልጅ ሁሉ ኦቲዝም የለበትም። ዊሊያምስ ሲንድሮም የተባለው የዘር ችግር ያለባቸው ልጆች ዘንድ ይህ ባሕርይ እጅግ የተለመደ ነው፤ ማይግሬን ያለባቸውም ሕመሙ ሲነሳ ድምፅ አይችሉም። ከዚህ ሌላ ምንም ችግር የሌለባቸው ልጆችም አሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ቢሆን ይመረጣል። የታመመ ጆሮ ልጁን ከድምፅ ሊያጣላው ይችላል። በአንዳንድ ዓይነት የመስማት ችግር ደግሞ ዝቅተኛው ድምፅ ጨርሶ አይሰማም፣ ከፍ ያለው ግን በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ ይሆናል። ልጁ ጩኸት ስለጠላ በደንብ ይሰማል ብሎ መደምደም የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ቅሬታ አለ፤ «እሱ ራሱ ቤቱን በጩኸት እያናወጠ እንዴት የሰው ድምፅ አልችልም ይላል?» መልሱ ጆሮ ውስጥ ነው። ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ ትንሿን አጥንት የያዘች ትንሽ ጡንቻ አለች። ከፍ ያለ ድምፅ ሲመጣ ትኮማተርና ወደ ውስጥ የሚያልፈውን ትቀንሳለች። ለመኮማተር ግን ቅጽበት ያስፈልጋታል፤ የቸርኬ ምት ወይም የበር ድብልቅታ ይቀድማታል። ሰው ራሱ ድምፅ ሊያወጣ ሲል ግን ድምፁ ከአፉ ሳይወጣ አስቀድማ ትኮማተራለች፤ አንጎልም የገዛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቀበላል። የራስ ጩኸት የሚታወቅና በእጅ ያለ ድምፅ ነው። ልጁን የሚያስደነግጠው የማያውቀውና የማያዝዘው ነው።

ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1972 ዴቪድ ግላስና ጀሮም ሲንገር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በመጽሐፍ ባወጡት ሙከራ በግልጽ አሳይተዋል። አዋቂ ሰዎችን መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅ ከባድ ድምፅ መሀል ሥራ አሠሯቸው። ለአንዳንዶቹ «በጣም ከባሰባችሁ ይህን ተጫኑ፣ ድምፁ ይቆማል» ተብሎ ቁልፍ ተሰጣቸው። ቁልፉን የተጫነ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ግን ድምፁ ካበቃ በኋላ በተሰጣቸው አስቸጋሪ ሥራ ላይ ቁልፍ ያልተሰጣቸው ቶሎ ተስፋ ሲቆርጡ፣ ቁልፉ አጠገባቸው የነበረው ረዘም ላለ ጊዜ ታገሉ፤ ስህተታቸውም ያነሰ ሆነ። የሰሙት ድምፅ አንድ ዓይነት ነበር።

ይህ ሙከራ ለኬጂ መምህራን ትልቅ ትርጉም አለው። ደወሉ ከመመታቱ ሁለት ደቂቃ በፊት ለልጁ በጆሮው መንገር፣ የዕለቱን ውሎ በሥዕል አድርጎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ «ከደከመህ ይህን ካርድ አሳየኝ፣ ከሞግዚቷ ጋር ውጭ ትቆያለህ» ብሎ ትንሽ ካርድ ኪሱ ውስጥ ማስቀመጥ፤ እነዚህ ሁሉ ያ ቁልፍ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ምናልባት ልጁን ራሱን ደወል መቺ ማድረግ ነው። ብረቱን በእጁ ይዞ፣ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጎ ሲመታው ድምፁ ከራሱ የሚወጣ ነገር ይሆናል።

ፍርሃቱ ሥር ለሰደደባቸው ልጆች ደረጃ በደረጃ ማለማመድ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎች ይህን በሦስት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ ሞክረውታል፤ ልጆቹን የሚያስፈራቸው እንደ ምግብ መፍጫ ማሽንና እንደ ሽንት ቤት ውሃ መልቀቂያ ያለ የቤት ድምፅ ነበር። ድምፁን መጀመሪያ ከሩቅ፣ ልጁ ምቾት እያለው፣ ከዚያ ጥቂት ጥቂት ቀረብ እያደረጉ አሰሙ። ሦስቱም በመጨረሻ ቻሉት። «ይልመደው» ብሎ በአንድ ጊዜ ጩኸት መሀል መወርወር ግን ከዚህ ጋር አንድ አይደለም፤ ፍርሃቱን ያጸናዋል።

እስከዚህ ያለው ስለ ልጁ ነው። ስለ ትምህርት ቤቱ ካልተነገረ ግን ነገሩ ግማሽ ሆኖ ይቀራል፤ ጩኸት የሚጎዳው ጆሮውን የያዘውን ልጅ ብቻ አይደለምና።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አርሊን ብሮንዛፍት የምትባል የሥነ ልቦና መምህርት ኒውዮርክ ውስጥ ትኖር ነበር። አንዲት ተማሪዋ ልጇ የሚማርበት ትምህርት ቤት ከባቡር ሐዲድ አጠገብ መሆኑንና ልጆቹ መማር እንዳቃታቸው ነገረቻት። ትምህርት ቤቱ በማንሃተን ሰሜናዊ ጫፍ ያለው ፒ.ኤስ. 98 ነው። በከፍታ የተሠራው ሐዲድ በሕንፃው በአንደኛው ወገን ያልፋል፤ ባቡሩ በየአራት ተኩል ደቂቃው ገደማ ሲመጣ መምህሩ ንግግሩን ያቋርጣል ወይም ይጮኻል። ብሮንዛፍት ሌላ ቦታ መሄድ አላስፈለጋትም። በዚያው ሕንፃ በሐዲዱ በኩል የሚማሩትን በጸጥተኛው ወገን ከሚማሩት ጋር በንባብ ፈተና አወዳደረቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣችው ውጤት መሠረት፣ ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ በሐዲዱ በኩል ያሉት ወደ አንድ ዓመት በሚጠጋ ትምህርት ወደኋላ ቀርተው ነበር።

ከዚያ የሆነው ደግሞ ከጥናቱም ይበልጣል። የባቡር አስተዳደሩ ሐዲዱ ሥር ጎማ አነጠፈ፤ የትምህርት አስተዳደሩ ጫጫታው በሚበዛባቸው ክፍሎች ድምፅ የሚውጥ ኮርኒስ አሠራ። ብሮንዛፍት ተመልሳ ለካች፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመችው ጽሑፍ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል። ልጆቹን ማንም አላከማቸውም። የተለወጠው ጎማና ኮርኒስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ ትምህርት እየተሰጠ ክፍሉ ውስጥ የሚኖረው ሌላ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ የገደል ማሚቶውም በ0.6 ሴኮንድ ውስጥ እንዲሞት ይመክራል። ከአንድ ሜትር ርቀት የሚሰማ ተራ ንግግር 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ትንንሽ ልጆች የመምህሩን ድምፅ ከጫጫታ ለይቶ መስማት ከአዋቂ ይበልጥ ይከብዳቸዋል፤ ይህ ችሎታ እስከ ጉርምስና ድረስ እየበሰለ የሚሄድ ነው።

አሁን አንድ ተራ የአገራችንን ክፍል እናስብ። ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። ሃምሳ ልጅ በአንድነት «ሀ ሁ» ሲል ድምፁ የሚያርፍበት ለስላሳ ነገር አያገኝም፤ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ እስኪያባራ ይጠብቃል። በእረፍት ሰዓት የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ይከፈታል። ዝም ለማሰኘት ዳስተሩን በጠረጴዛው ላይ የሚያጮሁ መምህራንም አሉ፤ ጩኸትን በባሰ ጩኸት ማብረድ።

ጮክ ብሎ መማር ከአገራችን ጋር የኖረ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጆች የየራሳቸውን ንባብ በአንድ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይዘልቃሉ፤ የኔታም ከዚያ ሁሉ መሀል የተሳሳተውን ለይተው ያርማሉ። ይህ ውብ ነገር ነው፤ ማንም ይቅር አይልም። ግን ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው በደጅ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ነበር። በሲሚንቶ ክፍል ውስጥ ያው ድምፅ ሌላ ነገር ይሆናል። የኅብረት ንባቡን አጠር ማድረግና ከመጀመሩ በፊት ማስታወቅ ትውፊቱን አይነካም።

ማሻሻያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ካረጀ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ በወንበር እግር ሥር ቢመታ የመንጓጓቱ ድምፅ ይቀንሳል፤ በአሜሪካ ለዚሁ የቴኒስ ኳስ ሰንጥቀው ያለብሳሉ። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ከጣሪያው በታች የተወጠረ ኮርኒስ ማሚቶውን ይውጣሉ። የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት አይረዳም፤ እጅግ ስስ ነው። ለጎበዝ ልጅ የሚደረገውንም ጭብጨባ መስማት የተሳናቸው ሰዎች እንደሚያደርጉት እጅን ወደ ላይ አንስቶ በማወዛወዝ መተካት ይቻላል፤ ልጆች ደግሞ ይወዱታል።

የጆሮ መከላከያ ሄድፎንስ? ለሰልፍ፣ ለበዓል ዝግጅት፣ ለምሳ ሰዓት ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ማድረግ ግን ሌላ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ጤነኛ አዋቂዎች ለሁለት ሳምንት ያህል ጆሯቸውን ደፍነው ሲቆዩ ድምፅ ይበልጥ ይጎላባቸው ጀመር፤ በአንጻሩ ዝቅተኛ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ያለማቋረጥ የሰሙት ድምፅ መቻላቸው ጨመረ። አንጎል ጸጥታ ሲበዛበት ድምፁን ከፍ ያደርገዋል ማለት ነው። በተጨማሪም ልጁ የመምህሯንና የጓደኞቹን ንግግር ያጣል።

በገበያ ላይ ልዩ ሙዚቃ በማሰማት ጆሮን እናስተካክላለን የሚሉ ውድ ሕክምናዎችም አሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ውጤታቸው አልተረጋገጠም ብሏል። ወላጅ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ልጅ «ያመኛል» ሲል ማመን ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። ኖራ ኪገን የተባለች ካናዳዊት ልጅ በሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ያሉ የእጅ ማድረቂያ ማሽኖች ጆሮዋን ስላመሟት ገና በዘጠኝ ዓመቷ ድምፃቸውን መለካት ጀመረች። 44 ማሽኖችን በልጆች ጆሮ ቁመት ሳይቀር ለካች፤ አንዳንዶቹ ከ100 ዴሲቤል በላይ ሆነው ተገኙ። ጥናቷ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ13 ዓመቷ፣ በካናዳ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ። ማሽኖቹ የተሠሩት ለአዋቂ ቁመት ሲሆን የልጅ ጆሮ ደግሞ ለአየር መውጫው ይቀርባል።

በአገራችን ኦቲዝም ስላለባቸው ልጆች በግልጽ መነጋገር የተጀመረው በወላጆች ብርታት ነው። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በልጃቸው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ከዚያ በኋላ ተከተለ። ማዕከላቱ የሚይዙት ልጅ ቁጥር ግን ከሚያስፈልገው ጋር አይመጣጠንም፤ አብዛኛው ድምፅ የማይችል ልጅ የሚውለው በተራ ትምህርት ቤት፣ ሃምሳ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ነው።

አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ደግሞ የሚገጥማቸው ሌላ ነው፤ የእሳት አደጋ ልምምድ ሳይረን። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው ስለ አካል ጉዳተኞች የሚደነግግ ሕግ አንቀጽ 504 ለእንዲህ ያለ ልጅ በጽሑፍ የሰፈረ ማስተካከያ መጠየቅ ያስችላል፤ ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት እንዲነገረው፣ ቀድሞ ከሕንፃው እንዲወጣ፣ ምሳውን ጸጥ ባለ ክፍል እንዲበላ። ልጁ የልዩ ትምህርት ዕቅድ የሚዘጋጅለት ከሆነ በስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። «መምህሩ ያውቃል» ብሎ ዝም ማለት የለመደ ወላጅ ይህን መጠየቅ ድፍረት ይመስለዋል። ጥያቄው ግን እዚያ የተለመደ ነው።

በአገራችን ትምህርት ቤቶች ለሚከበረው የወላጆች ቀንም አስቀድሞ ማሰብ ይቻላል። ሞንታርቦው ከመከፈቱ ከአንድ ቀን በፊት ልጁ ባዶውን አዳራሽ ይየው፤ ማይክራፎኑን ይንካ፣ በራሱ ድምፅ ይሞክረው። ወንበሩ ከድምፅ ማጉያው ርቆ በሩ አጠገብ ይሁን። የክፍሉን መዝሙር ዘምሮ ሲጨርስ መውጣት ካሻው እናቱ እጁን ይዛ ትውጣ፤ ከዛፉ ሥር ቁጭ ብለው የቀረውን ከዚያው ያዳምጡ።