ከአልጌ የሚሠራ ክትባት፦ የወባው ሙከራ ምን አሳየ?

በኩሬ ላይ ወይም በውሃ ማጠራቀሚያ ግድግዳ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽፋን ሳያዩት አይቀሩም። አልጌ ይባላል። ክትባት ይሠራበታል ቢባሉ ሊገርምዎ ይችላል፤ ነገር ግን መድኃኒትን በሕያው ሴል ማስመረት አዲስ ነገር አይደለም። በባክቴሪያ የተመረተ ኢንሱሊን ለስኳር ሕሙማን የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም በእርሾ ይሠራል።

ታዲያ አልጌ ለምን አስፈለገ? ወባን እንመልከት። ፒኤፍኤስ25 የተባለው ፕሮቲን በወባ ተሕዋሲ ላይ የሚወጣው ተሕዋሲው ትንኟ ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። በዚህ ፕሮቲን የተከተበ ሰው ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፤ ትንኟ ደሙን ስትመጥ ይህንንም አብራ ትወስዳለች፤ የተሕዋሲው እድገትም እዚያው ሆዷ ውስጥ ይቋረጣል። ልብ ይበሉ፦ እንዲህ ያለው ክትባት የተከተበውን ሰው ራሱን ከወባ አያድንም። የሚጠቀሙት ያቺ ትንኝ ቀጥላ ልትነድፋቸው የነበሩት ልጆችና ጎረቤቶች ናቸው።

ፕሮቲኑን መሥራት ግን አስቸጋሪ ነው። በ11 የሰልፈር ድልድዮች የተቋጠረ በመሆኑ አጣጣፉ ከተበላሸ የሚፈጠረው ፀረ እንግዳ አካል እውነተኛውን ተሕዋሲ አይለየውም። ባክቴሪያ ይህን አጣጣፍ በቀላሉ አይችልበትም፤ እርሾ ደግሞ በተፈጥሮ የሌለበትን ስኳር ሊለጥፍበት ይችላል። የፀሐይ ብርሃንን የሚጠቀመው የአልጌ ሴል ክፍል፣ ክሎሮፕላስት፣ ፕሮቲኑን በትክክል ያጣጥፋል፤ ስኳርም አይለጥፍም። እ.ኤ.አ. በ2012 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የሚገኙ ተመራማሪዎች ክላሚዶሞናስ በተባለ አልጌ አመረቱት። ከተወጉት አይጦች የተገኘው ፀረ እንግዳ አካልም ተሕዋሲው በትንኝ ውስጥ እንዳያድግ አገደው።

ቀጥሎ መርፌውን ለማስቀረት ተሞከረ። በ2013 ይፋ በሆነው ሙከራ አይጦች ደረቁን አልጌ በሉ። በአንጀት በኩል የሚመነጨው ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ተገኘ፤ ትንኟ ከደም ጋር ልትመጠው የሚገባው ዓይነት ግን በወባው ፕሮቲን ላይ አልተፈጠረም። የሚበላው የወባ ክትባት የተሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም ተስፋውን የሚያስቀጥል ነገር አለ። በሌላ ጥናት በደረቀ አልጌ ውስጥ የነበረ የክትባት ፕሮቲን ያለ ማቀዝቀዣ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሳይበላሽ ቆይቷል። ብዙዎቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለባቸው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ጤና ኬላ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ የጤና ባለሙያዎች ያውቁታል።

እስካሁን ለሰው የተፈቀደ በአልጌ የተመረተ ክትባት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክራቸው ሁለቱ የወባ ክትባቶች በእርሾ ተመርተው ለሕፃናት በመርፌ የሚሰጡ ናቸው። በዱቄትና በእንክብል የሚሸጠው ስፒሩሊናም (የቢሾፍቱን አረንጓዴ ሐይቅ አረንጓዴ ያደረገው ማለት ነው) ምግብ እንጂ ክትባት አይደለም፤ ወባ አይከላከልም። አጎበርዎን አይተዉ፤ ትኩሳት ከተሰማዎም በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመሩ።